ሲታመሙ ማን ይምጣልዎ?

(በማኅበራችን የምሩቃን መገናኛ በዓል ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የቀረበ ንግግር)



የዚህ ምሽት ፕሮግራም በተላከ ማግስት አንድ የባቻችን ልጅ ደወለልኝ። «እባክሽ ርዕሱን ቀይሪው፤ ልጆች ይዘን ነው የምንመጣው። ደግሞ በአስተማሪዎቻችን ፊት! ምን ነክቶሽ ነው?» አለኝ። አውቀዋለሁ፤ ክፋት የለበትም። ስድስት ኪሎ አብረን ስንማር ለፊልድ ሥራ የምሄድበት የታክሲ ሳጣ የሚከፍልልኝ እሱ ነበር። አሁንም እዚያ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጧል፤ ሰላም ብሎኛልም። ለእሱ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ልስጥ። እኔ የመጣሁት ስለ ማንም ሰው መኝታ ቤት ላወራ አይደለም። የመጣሁት ስለ ሐኪም ቤት በር ላወራ ነው። ያ በር ለአንዳንድ ሰዎች ለምን ዘግይቶ እንደሚከፈት፣ አንዳንዴም እኛው ባለሙያዎቹ እንዴት እንደምንዘጋው ነው የማወራው። አንዱን የዘጋሁት እኔ ራሴ ስለሆንኩ ከእሱ ልጀምር። ሰውየው እንዳይታወቅ ዕድሜውን፣ ሥራውንና ጊዜውን ቀያይሬዋለሁ፤ የሠራሁበትንም ክሊኒክ አልጠራም።

አሜሪካ ውስጥ የሥራ ፈቃዴን ካወጣሁ ብዙም አልቆየሁም ነበር። በክሊኒኩ አማርኛ የምናገር እኔ ብቻ ስለነበርኩ የአገሬ ሰው በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ይላካል። አንድ ቀን በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የሚገኝ ልጅ መጣ። ክብደቱ ቀንሷል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ሳሉ አልለቀው ብሏል። የአገሬን ልጅ በማግኘቴ ደስ ብሎኝ በሞቀ ሰላምታ ተቀበልኩት። ሰፈሩን ጠየቅኩት፣ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ሚስት አለችህ?» አልኩት። «የለችኝም» አለ። «እጮኛስ?» ዝም አለ። እኔም ያጫወትኩት መስሎኝ «ምነው፣ ይሄን የመሰለ ልጅ! እኛ ቤተ ክርስቲያን ብትመጣ ስንት ቆንጆ አለ መሰለህ» ብዬ ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። የደም ምርመራ ወረቀቱን ሰጠሁት፣ ቀጠሮ ያዝኩለት። ተመልሶ አልመጣም።

ከወራት በኋላ ሆስፒታል ተኝቶ አገኘሁት። ኤችአይቪው ወደ ኤድስ ደረጃ ደርሶ፣ በዚያ ላይ የሳንባ ምች ይዞት ነበር። ስገባ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነርሷን በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብሎ፣ «እባክሽ፣ ሌላ ሰው» አላት።

በኋላ ከባልደረባዬ ጋር ሲነጋገር ነገሩ ወጣ። አብሮት የሚኖር፣ የሚወደው ሰው ነበረው፤ ሰውየው ወንድ ነው። እኔ ካወቅኩ የቤተ ክርስቲያን ሰው እንደሚያውቅ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ካወቀ ደግሞ አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ዘንድ እስኪደርስ ሳምንት እንደማይፈጅ አሰበ። ከዚያ ቀን በፊት ምስጢር አውጥቼ አላውቅም፤ የእሱንም አላወጣም ነበር። እሱ ግን ይሄን በምን ያውቃል? እኔ በሦስት ጥያቄ ማን እንደሆንኩ ነግሬዋለሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ዘመድ ሆንኩበት፤ እሱ ግን የመጣው ባለሙያ ፈልጎ ነበር።

ያን ቀን ያደረግኩትን ልንገራችሁ። በሌላ ስቴት የሚገኝ፣ ስሙን የማይጠይቅ የስልክ አስተርጓሚ ፈለግኩለት። ጉዳዩን ለባልደረባዬ አስረክቤ ወጣሁ። ለዚያ ልጅ ካደረግኩለት ሁሉ የሚሻለው ከክፍሉ መውጣቴ ነበር።

እንግዲህ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ተረት አለን፤ ለታካሚዎቻችንም ሁልጊዜ እንነግራቸዋለን። ተረቱ የሚወቅሰው ደባቂውን ነው። እኔ ግን ከዚያ ልጅ በኋላ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ፤ ለመሆኑ ያስደበቀው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም። ትምህርት ቤታችን እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ፣ ከአብዮቱ በኋላ ተዘግቶ፣ በ2004 በማስተርስ ደረጃ እንደገና ሲከፈት አገሪቱ በኤችአይቪ መካከል ነበረች። ነፃው የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ2005 መሰጠት ሲጀምር ፊልድ ላይ የነበርን ሰዎች የምናስታውሰው ነገር አለ። መድኃኒቱ መጣ፤ ሰው ግን ሊወስድ አልመጣም። ጎረቤት እንዳያየው ከሰፈሩ ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ነበር። ክኒኑን ከዕቃው አውጥቶ በፌስታል የሚጠቀልል ነበር። አከራይ እንዳያባርራት «ሳንባ ነው» የምትል እናት ነበረች። ያን ጊዜ «ቫይረሱን የያዘው ሰው ኃጢአተኛ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ክርክር ፈትተን አይደለም ቤት ለቤት የሄድነው። ምስጢር ጠበቅን፣ ከዕድሮች ጋር ተነጋገርን፣ ከቤተሰብ ጋር አስታረቅን። ሰው መጣ፣ መድኃኒቱን ወሰደ፣ ዳነ። ዛሬ የማወራላችሁ ሥራ ከዚያ የተለየ አይደለም።

ስለ እነማን ነው የምናወራው? ወንድ የሚያፈቅሩ ወንዶች፣ ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች፣ ሁለቱንም የሚያፈቅሩ፣ እንዲሁም ትራንስጀንደር የምንላቸው፣ ማለትም ሲወለዱ ከተጻፈላቸው ጾታ የተለየ ማንነት ያላቸው ሰዎች። በእንግሊዝኛው አጠራር በአንድ ላይ ኤልጂቢቲ ይባላሉ። ይህ በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1973 ተመሳሳይ ጾታ ማፍቀርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር አውጥቶታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 አውጥቶታል። ታዲያ በሽታ ካልሆነ ለምን ከሌላው ይልቅ ይታመማሉ?

እዚህ አገር ያለውን እውነታ ላስቀምጥ። በአሜሪካ በዓመት ውስጥ በአዲስ ከሚያዙት የኤችአይቪ ሕሙማን ሁለት ሦስተኛው ያህል ወንድ ከወንድ ጋር ግንኙነት ያላቸው ናቸው። ትምባሆ የሚያጨሱት ከሌላው ሕዝብ በመቶኛ ይበዛሉ። ድብርትና ጭንቀትም እንዲሁ። ሴት የሚያፈቅሩ ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ የማድረግ ልማዳቸው ዝቅ ያለ ነው፤ አንዳንዴ እነሱ ራሳቸው፣ አንዳንዴም ሐኪሙ «ከወንድ ጋር ስላልሆንሽ አያስፈልግሽም» ይላል። ስህተት ነው፤ ምርመራው ያስፈልጋል። በዕድሜ የገፉት ደግሞ ብዙዎቹ ልጅ የሌላቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ናቸው፤ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሲወጡ ወደ ቤት የሚወስዳቸው ሰው ስለማይገኝ ሕክምናውን ያዘገዩታል።

ኢላን ማየር የተባለ ተመራማሪ በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን «የአናሳዎች ጭንቀት» በሚል ሐሳብ አብራርቶታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ ጭንቀት አለበት፤ የሥራ፣ የቤት ኪራይ፣ የልጅ። እነዚህ ሰዎች ግን በዚያ ላይ የሚጨመርባቸው አለ። መሰደብና መገለል አለ። ነገ ይመጣ ይሆናል ብሎ መጠበቅ አለ። በየቀኑ ራስን መደበቅ አለ። በመጨረሻም የሌላውን ንቀት አምኖ ራስን መናቅ አለ። ስደተኛ የሆነ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ትራፊክ ፖሊስ ከኋላችን ሲመጣ ምንም ሳናጠፋ ልባችን ድው ድው የሚለው ለምንድነው? አስቡት፤ ያ የልብ ምት በወር አንዴ ሳይሆን በየቀኑ፣ በገዛ እናት ቤትም ጭምር ቢሆን።

እንግዲህ የጭንቀቱ ምንጭ ከውጭ ከሆነ፣ የእኛ ሥራ ያለው እዚያው ውጭ ነው ማለት ነው። ሐኪሙ ሳንባውን ያክማል። በሩን፣ ቅጹን፣ ቤተሰቡን የሚያክመው ሶሻል ወርከር ነው። ከልምዴ አራት ነገር ላካፍላችሁ።

አንደኛው አነጋገራችን ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ያስቸግራል፣ መፍትሔም አለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «አንተ» እና «አንቺ»ን አይለይም፤ እኛ ግን ገና «መጣህ»፣ «መጣሽ» ስንል ጾታውን ወስነናል። ትራንስጀንደር ለሆነ ሰው ይህ የመጀመሪያው ጥፊ ነው። ነገር ግን እናቶቻችን ያስተማሩን «እርስዎ» አለን። «እርስዎ» ወንድም ሴትም አይልም፤ የሚለው ክብር ብቻ ነው። «ሚስት አለችህ?» በሚለው ፋንታም «ባለቤት አለዎት?» ማለት እንችላለን። «ባለቤት» ባልም ሚስትም ነው፤ «ባለቤትዎ ምን ይሠራሉ?» ስንልም ማንነታቸውን ለመናገር ወይም ላለመናገር ለታካሚው እንተውለታለን። እኔ ዛሬ ወጣቱንም ሽማግሌውንም በ«እርስዎ» እጀምራለሁ። ወጣቶቹ ይስቃሉ፣ «ኧረ አንቱ አትበይኝ» ይላሉ። ያኔ «እሺ፣ ምን ብዬ ልጥራዎት?» እላለሁ። የሚፈልጉትን ይነግሩኛል።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ግን የንግግሬ ርዕስ ያደረግኩት ነው፦ «ሲታመሙ ማን ይምጣልዎ?» ያገቡ፣ ያላገቡ አይልም። ዘመድ፣ ጓደኛ አይልም። ያ ልጅ ያን ቀን ይህን ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ ምናልባት አንድ ስም ይነግረኝ ነበር።

ደግሞ ስለ ስም እንናገር። በአማርኛችን ለእነዚህ ሰዎች በብዛት የምንጠቀምበት ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። ቃሉ የሕግም የስብከትም ቃል ነው፤ ፍርዱን ይዞ ነው የሚመጣው። ፍርዱ ሕግና ሃይማኖት ባሉበት ቦታ ይከራከሩበት፤ በምክር ክፍል ውስጥ ግን ቦታ የለውም። በአገራችን ያሉት እርስ በርሳቸው «ዜጋ» ይባባላሉ። እኔ ቃሉን መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ። ሰው ለራሱ ስም ሲያወጣ የመረጠው እንደ ማንኛውም ሰው የሚያስቆጥረውን ነው።

ሁለተኛው ምስጢርና አስተርጓሚ ነው። የእኛ ኮሚኒቲ ትንሽ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ሆነ፣ ሚኒያፖሊስ ሆነ፣ ቴል አቪቭ ሆነ ሁሉም ሁሉን ያውቃል። ስለዚህ ምስጢር እጠብቃለሁ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ታካሚው ከመናገሩ በፊት ሊሰማው ይገባል። የእኔ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አሁን እንዲህ ነው፦ «እዚህ የሚነገር ለባለቤቴ፣ ለቄሴ፣ ለማንም አይነገርም፤ ሕጉም ይከለክለኛል። ከእኔ ይልቅ የማያውቁት አስተርጓሚ በስልክ ቢሆን ከመረጡ ቅር አይለኝም፤ ለአሁኑ ይምረጡ።» ከአሥሩ ሁለቱ ስልኩን ይመርጣሉ ብል ከግምቴ ነው። ቅር አይለኝም ብዬ እንደሆነ አሁን ከልቤ ነው፤ ድሮ ግን ቅር ይለኝ ነበር። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፤ ዘመድ አስተርጓሚ አይሁን። እህት ለወንድሟ ስታስተረጉም ሐኪሙ ስለ ግንኙነት የጠየቀውን ትዘለዋለች፤ እሱም የሚመልሰውን ይዘለዋል። ኤችአይቪን ለመከላከል በየቀኑ የሚወሰደው ፕረፕ የሚባለው ክኒን እዚህ አገር ከ2012 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ በአግባቡ ከተወሰደ በግንኙነት የሚተላለፈውን ኤችአይቪ 99 ከመቶ ያህል ይከላከላል። ስንቱ የአገራችን ልጅ ይህን ሳይሰማ ቀረ? የቀረው እኛ የዘለልነው ጥያቄ ውስጥ ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። በ2007 ጃኒስ ላንግቤን የምትባል የዋሽንግተን ስቴት ነዋሪ ከአጋሯ ከሊሳ ፖንድና ከልጆቻቸው ጋር በመርከብ ሊዝናኑ ፍሎሪዳ ሄዱ። ሊሳ በድንገት ወደቀች፤ በአንጎሏ ውስጥ ደም ፈሷል። ጃኒስ የጤና ውክልና ወረቀት ነበራት፤ በፋክስም ተላከ። ሆኖም ሊሳ እየሞተች ለሰዓታት ከአጠገቧ እንዳትሆን ተደረገች። ጃኒስ ባቀረበችው ክስ እንዳለችው፣ ያላችሁት ለእንደ እናንተ ያለ ሰው በማይመች ከተማና ስቴት ውስጥ ነው ብሎ የነገራት የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ነበር። ሆስፒታሉ ክሱን አልተቀበለም፤ ፍርድ ቤቱም በ2009 ውድቅ አደረገው። ነገር ግን በሚያዝያ 2010 ፕሬዚዳንት ኦባማ ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች ታካሚው የፈለገውን ጠያቂ እንዲያስገቡ መመሪያ ሰጡ፤ ከጥር 2011 ጀምሮም ደንብ ሆነ። ይህን ታሪክ በሥልጠና ሁሉ እናገረዋለሁ። ልብ በሉልኝ፤ በክሱ ውስጥ በሩ ላይ ቆመ የተባለው ዘበኛ አይደለም፣ ሐኪምም አይደለም። የእኛ ሙያ ሰው ነው።

ስለዚህ ለምታገለግሉት ሰው ሁሉ፣ ገና ጤነኛ እያለ፣ የጤና ውክልና ቅጹን አስሞሉት። በሕይወቱ የሚወስንለትን ሰው ስሙን ይጻፍ። ቅጂው ፋይሉ ውስጥ ይግባ፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይያዘው። አሥራ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

አራተኛው፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚከብደውና ከሁሉ የሚጠቅመው፣ ቤተሰብ ነው። ኬትሊን ራያን ራሷ ሶሻል ወርከር ናት፤ በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተሰብ ልጁን ሲቀበልና ሲገፋ ምን እንደሚሆን ያጠናች። በ2009 ባሳተመችው ጥናት 224 ወጣቶች ተጠይቀዋል። በጉርምስናቸው ከቤተሰብ ብዙ መገፋት የደረሰባቸው፣ ካልደረሰባቸው ወይም ጥቂት ብቻ ከደረሰባቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረናል የሚሉት 8.4 እጥፍ ነበሩ፤ በከባድ ድብርት ደግሞ 5.9 እጥፍ። ኬትሊን ራያን ግን በቁጥሩ አላቆመችም። ለሃይማኖተኛ ቤተሰቦች ጭምር የሚሆን የሥራ ዘዴ አወጣች፤ እምነታቸውን እንዲለውጡ ሳይሆን የሚጎዳውን ባህሪ እንዲተዉ።

አንዲት እናት፣ እሷንም እንዳትታወቅ ለውጬ ነው የምነግራችሁ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ራሷን ልትጎዳ ሞክራ ከሆስፒታል የወጣች ናት። እናትየዋ ብቻዋን ስትሆን እጄን ይዛ «ሴት እወዳለሁ አለችኝ፤ መድኃኒቱን ስጪያትና ልጄን መልሺልኝ» አለችኝ። እንዲህ ያለ መድኃኒት እንደሌለ ነገርኳት። እንቀይራለን የሚሉ ሕክምናዎች ጉዳት እንደሚያደርሱ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ እንዲህ እንዳያደርግ ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ በሕግ እንደከለከለችም ነገርኳት። አለቀሰች። «ኃጢአቱንስ ምን ላድርገው?» አለች። «እሱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ እኔ የምፈልገው ልጅዎ በሚቀጥለው ፋሲካ በሕይወት እንድትኖር ነው» አልኳት። ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ለመንኳት። ከቤት እንዳታስወጣት። ማዕድ እንዳትለይባት። ዘመድ በእሷ ፊት ሲሰድባት «በእኔ ቤት አይሆንም» እንድትል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደወለች። «ቡና ላይ መጣች» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም፤ ለእኔ ግን ገባኝ። ልጅቷ ለወራት ቡና ሲፈላ ከክፍሏ አትወጣም ነበር። እናትየዋ ሐሳቧን አልቀየረችም፤ እስካሁን ትጸልያለች። ልጅቷ ግን ሕክምናዋን ቀጠለች፣ ትምህርቷንም ጨረሰች። አማራጩን ደግሞ እናውቀዋለን። በ2012 ቤት አልባ ወጣቶችን የሚያገለግሉ ድርጅቶች በተጠየቁበት ጥናት፣ ከሚያገለግሏቸው ወጣቶች 40 ከመቶ ያህሉ ኤልጂቢቲ ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንድ ወቅት የሆነ ሰው ማዕድ ላይ የሚቀመጡ ልጆች ነበሩ።

አሁን ከአዲስ አበባ ለመጣችሁ መምህሮቼ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የሚደረገውን ሁሉ እዚያ አድርጉ አልልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ባላቸው ሰዎች መካከል የሚደረግን ግንኙነት ወንጀል አድርጎታል። ስለዚህ እዚህ እንክብካቤ የሆነው እዚያ አደጋ ሊሆን ይችላል። እኔ እዚህ ጥያቄውን ጠይቄ ፋይሉ ላይ እጽፋለሁ፤ ሐኪሙ እንዲያውቅ። እዚያ ያለ ተማሪያችሁ ግን ያንኑ ቢጽፍ ሰውየውን አሳልፎ ሊሰጠው ይችላል። እንግዲህ ማስተማር የምንችለው ምንድነው? ለሕክምናው የማያስፈልገውን አለመጻፍ። የተሰማውን ይዞ ወደ አለቃ፣ ወደ ጎረቤት አለመሮጥ። ታካሚው ሲናገር ፊትን አለመለወጥ። ምክር ብሎ ስብከት አለመስጠት። ይሄ ሁሉ ድሮም ያስተማራችሁን ነው። «ሰውን ካለበት ጀምሩ» ብላችሁናል፤ ከዚህ ሰው በቀር አላላችሁም።

ሁለት ልመና አለኝ። እዚህ ሰሜን አሜሪካ ያለነው ምሩቃን፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ስንገባ የምንሠራበትን ቅጽ አውጥተን እናንብበው። ባልና ሚስት ብቻ ይላል? አስተርጓሚ የመምረጥ መብቱን በአማርኛ ይነግረዋል? ደግሞም ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሆንን አማርኛ ተናጋሪ ባለሙያዎች በየከተማው ስማችንን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንስጥ። እዚህ የሚኖር ሰው ያለበትን ከተማ ባለሙያ ሲፈራ እኔ ሚኒያፖሊስ ላለው እንድልከው፣ የሚኒያፖሊሱም ወደ እኔ እንዲልክ። ለዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህ ሥራ የኖረው ዊትማን ዎከር አለ፤ ስልኩን ያዙት። ለመምህሮቻችን ያለኝ ልመና፣ ከፊልድ ሴሚናሩ ውስጥ አንዱን ክፍለ ጊዜ ለዚህ አውሉት። ርዕሱን የፈለጋችሁትን በሉት። «ታካሚው የፈራኝ እኔን ሲሆን» ብትሉትም ይበቃል።

ያ ልጅ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ዳነ። መድኃኒቱን በሚገባ የወሰደ ሰው ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እስከማይታይ ይወርዳል፤ ያኔ በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። የእሱ ዝርዝር የእሱ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልናገርም። አንድ ጊዜ ግን አግኝቼዋለሁ። እንጀራ ልገዛ አንድ ሱቅ ገብቼ ከመደርደሪያው ማዶ አየሁት። ሕጋችንን ታውቃላችሁ፤ ታካሚውን ከክሊኒክ ውጭ ቀድመን ሰላም አንልም። ለእኛ ለሐበሾች ግን የሚያውቁትን ሰው አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ነውር ነው። ተጨነቅኩ። አንገቴን ደፍቼ የእንጀራውን ቀን ማንበብ ጀመርኩ። ሲያልፍ አጠገቤ ቆመና «ደህና ነሽ?» አለኝ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩት። አብሮት ሌላ ሰው ነበር። ማን ነው ብዬ አልጠየቅኩም።